ጩኸት ፍለጋ ኮምቦልቻ

እስቲ እናንተው ፍረዱኝ። ሰው ሦስት ሰዓት ሙሉ በእግሩ ቆሞ፣ ላቡ ጠብ እስኪል ሲሠራ ቢውል፣ የሠራው ግን አንድም ሰው ጆሮ ሳይደርስ ቢቀር፣ እንዳልደረሰም ማንም ሳይነግረው ዕቃውን ሰብስቦ ወደ ቤቱ ቢሄድ፣ ይሄ በደል ነው አይደለም? እኔ በደል ነው ብያለሁ። የሆነውን ልንገራችሁና እናንተም በሉ።

ባለፈው ሳምንት ነው፣ ደሴ፣ ዘመድ ሠርግ ተጠርቼ። የዙሁር ሶላት ደረሰብኝና ለውዱእ ውሃ ፍለጋ ከአዳራሹ ጓሮ ወጣሁ። ቧንቧው ያለው ከመድረኩ ኋላ፣ በመጋረጃ ከተከለለች ጠባብ ክፍል አጠገብ ነው። እግሬን እያጠብኩ ሁለት ሰዎች ሲያወሩ ሰማሁ። አንደኛው ድምፅ ማጉያውን የሚቆጣጠረው ጣሀ ነው፤ ሌላው ኪቦርድ የሚጫወተው የባንዱ አለቃ ብሩ። «የቤዙን መስመር ገና በመጀመሪያው ዘፈን ዘግቼዋለሁ» ይላል ጣሀ። «እንደ ንብ ቀፎ ይጮህብኛል። ዘግቼው ማንም አላወቀም።» ብሩ ሳቀ። «እኔስ በግራ እጄ እየሞላሁለት አይደል! ልጁ ግን ሲያምርበት፣ ለፎቶ ይሁነን። የፊታችን እሁድም እንዲህ ከጮኸ ግን በቃ፣ ይቅር፤ ግራ እጄ ደሞዝ አይጠይቀኝም።» ያ ቤዝ ጊታር ይዞ ለፎቶ የቆመው ልጅ የኔ ልጅ ነው። አሚር ይባላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር፣ በኋላ እንዳትታዘቡኝ። እኔ ዘፈን አልወድም። አምስት ወቅቴን የምሰግድ፣ ሐሙስ ሐሙስ ከሴቶች ጋር ተቀምጬ ዱዓ የማደርግ፣ መንዙማ ሲባል ድቤ የምመታ ሴት ነኝ። አሚር ጊታር ይዞ ቤት የገባ ቀን አልቅሻለሁ። ቀን ቀን ቆርቆሮ መሸጫ ይሠራል፣ እሱ ይበቃው ነበር። ግን ዘፈን አለመውደድ አንድ ነገር ነው፤ በደል ሰምቶ እግርን አጥቦ መሄድ ሌላ ነገር ነው። በማግስቱ ሻይ እየጠጣን ነገርኩት። ብርጭቆውን አስቀመጠና ግድግዳውን አየ። «አውቄዋለሁ እማ» አለኝ። «ክሩን ስመታ ከስፒከሩ ምንም አይመጣም ነበር።» እያወቀ ሦስት ሰዓት መቆሙ የባሰ አንጀቴን በላው።

ጥፋቱ የጣቱ እንዳልሆነ ያስረዳኝ ያኔ ነው። የጊታሩ ድምፅ ደካማ ነው አሉ፤ ሽቦው ደግሞ ከመድረኩ እስከ ጣሀ ጠረጴዛ ረጅም ነው፤ እግረ መንገዱን የመብራቱን ጩኸት ሁሉ እየለቀመ ይሄዳል። ዲአይ የሚባል ሣጥን አለ፣ መሀል ገብቶ ድምፁን ንጹሕ አድርጎ ያሻግረዋል። ፕሪአምፕ ያለበት ከሆነ ደግሞ ድምፁን ያጎለብተዋል፤ ወፍራሙን፣ መካከለኛውን፣ ቀጭኑን ለየብቻ ታስተካክያለሽ፤ ኢኳላይዘር ማለት እሱ ነው። «ደላላ ነው በለኛ» አልኩት። «አዎ፣ የማይሰርቅ ደላላ» አለኝ። ኮምቦልቻ ሁለት ዓይነት ቅዳሜ ማታ እንደሚገባ በስልክ ጠይቆ አጣርቷል። እሁድ ጠዋት ገዝቶ ለሰባት ሰዓቱ ሠርግ ደሴ መመለስ አለበት። ብቻዬን እሄዳለሁ ሲለኝ እምቢ አልኩ። ልጄ ሁሉም ነገር አለው፤ የሚያብረቀርቅ ነገር ካየ ግን ልቡ ትሰለባለች። አባቱም አላህ ይማረው እንደዚሁ ነበር።

እሁድ ፈጅርን ሰግጄ እጄን ዘረጋሁ። «ያ ረቢ፣ ለዘፈን አይደለም የምለምንህ፣ ለፍትሕ ነው፤ ልዩነቱን አንተ ታውቃለህ» አልኩ። ቧንቧ ውሃ ከሚባለው ሰፈር ሚኒባስ ተሳፈርን። ጊታሩ እንደ ሰው ወንበር ያዘ። ከኋላችን የተቀመጡ ወደ ሐርቡ የሚሄዱ ሽማግሌ በሻንጣው ላይ ጣታቸውን አሳርፈው «ይሄ ምንድን ነው ልጄ?» ሲሉኝ «የልጄ ሥራ ነው አባባ» አልኳቸው። «ቀላል ሥራ ይመስላል፣ እንቅልፍ ላይ ነው» አሉና የሚኒባሱ ሰው ሁሉ ሳቀ። የሐረጎን ተራራ እያቋረጥን ቁልቁል ስንወርድ የደሴው ብርድ ከላዬ ለቀቀ፤ ኮምቦልቻ ስንደርስ ጋቢዬን አጥፌ በክንዴ ይዤዋለሁ።

ባለ ሱቁ ኪዳኑ ይባላል። ከቅዳሴ ወጥቶ እስኪመጣ ደጁ ላይ ቆምን፤ ነጠላውን እንኳ ሳያወልቅ መጣና ከፈተልን። ሱቋ ትንሽ ናት፣ ግን ግድግዳዋ አይታይም፤ ከጣራው የጥሩምባ አፍ ያላቸው ትልልቅ ማጉያዎች ተንጠልጥለዋል፣ ታች ኪቦርዶች ፕላስቲካቸውን እንደለበሱ ተደርድረዋል፣ ከመደርደሪያው በላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ዝም ብዬ መቆም ስለማልችል ከጣራው ያሉትን እያየሁ «የመስጊዱ የትኛው ነው፣ የቤተክርስቲያኑስ?» አልኩት። «አንድ ነው እናቴ» አለ ነጠላውን እያጠፈ። «ብቻ ሁለቱም ይመጡና ከዚያኛው ከፍ የሚለውን ስጠን ይሉኛል።»

ሁለቱን ሣጥኖች ጠረጴዛው ላይ አወጣቸው። አንደኛው ጥቁር ነው፣ አዲስ፣ እንደ መስታወት የሚያበራ፤ ከላይ ወደታች የሚንሸራተቱ ስምንት መቆጣጠሪያዎች አሉት፣ እያንዳንዱ ላይ ሰማያዊ መብራት። ሃያ ሁለት ሺ ብር። ሌላው ግራጫ ነው፣ ሰው ሲጠቀምበት የቆየ፣ ጥጋጥጉ የተላላጠ፣ ስታነሡት እንደ ሚዛን ድንጋይ የሚከብድ፤ ሦስት ክብ መዘውር ብቻ አለው፣ ጎኑ ላይ ደግሞ የሩዝ ፍሬ የምታህል ማብሪያ መሳይ ነገር። አሥራ አምስት ሺ። አሚር ግራጫውን አንዴ አይቶ ሁለተኛ አላየውም። ጥቁሩን ሰክቶ ሲጫወት ስምንቱን መብራት እያየ ፊቱ ራሱ ሰማያዊ ሆነ። «እማ ስሚው!» ይለኛል። ሰማሁት፣ ጥሩ ነው። በግድ ግራጫውንም ሰካልኝ፤ እሱም ጥሩ ነው። ይሄኔ ነው ነገሩ ደስ ያላለኝ። ድቤ ስመታ ሠላሳ ዓመቴ ነው፤ ወፍራም ድምፅ በጆሮ ብቻ አይሰማም፣ እዚህ ከእምብርት ከፍ ብሎ ይመጣል። ሁለቱም እኩል ሆዴ ገቡ። ሁለት ዕቃ እኩል ጥሩ ሲሆን አንድ ያልታየ ነገር አለ ማለት ነው።

«ኪዳኑ፣ እዚህ ሱቅ ጩኸቱ የታለ?» አልኩት።

«የምን ጩኸት እናቴ? እዚህማ ማን ይጮሃል! ሁለት ሜትር ጉድጓድ አስቆፍሬ ብረት ቀብሬያለሁ፣ የመሬት ሽቦ። መብራቱም በማረጋጊያ ነው የሚገባው።»

«እና ወንፊት በተነፋ ዱቄት ይፈተናል?»

ኪዳኑ ወደ ወረቀቱ አየ፣ ወደ እኔ አየ፣ ራሱን አከከ። «እውነትዎን ነው። ግን አሁን ጩኸት ከየት ላምጣልዎት?»

«ጩኸትስ እኔ አለኝ» አልኩ። «ልጄ ቤት።»

አሚር ገና ሳልጨርስ ገብቶታል። ጊታሩን ከትከሻው አወረደ። «እማ፣ እዚያ አልሄድም። ሁለቱም ይቅርብኝ።»

ልጄ ቤት ያልኩት ሱሀይላ ቤት ነው፣ የአሚር ታላቅ። ቦርከና ወንዝ ወዲህ ግቢ ተከራይተው ይኖራሉ፤ ባሏ ሙዓዊያ በግቢው በርና መስኮት ይበይዳል። እሱ ብየዳ ሲጀምር የሰፈሩ አምፖል ይርገበገባል፣ የሰፈሩ ቴሌቪዥን ይንጣጣል፣ ጎረቤት ሁለት ጊዜ ቀበሌ ከሶታል። ከዚያ የተሻለ ጩኸት ወሎን ብታዞሩ አታገኙም። ችግሩ ሱሀይላና አሚር ካለፈው ዓረፋ ጀምሮ አይነጋገሩም። ሱሀይላ ዲኗን ጠበቅ ታደርጋለች፤ የኔን ድቤ እንኳ አትወድልኝም፣ እናቷ ስለሆንኩ ዝም ትላለች እንጂ። የዓረፋ ለት «ወይ እኔ ወይ ጊታሩ» አለችው። እሱም ጊታሩን ይዞ ወጣ። በቃ ይኸው ነው። ከዚያ ወዲህ እሷ «ደህና ነው?» ብላ እኔን ትጠይቃለች፣ እሱ «ደህና ናት?» ብሎ እኔን ይጠይቃል፣ እኔ በመሀላቸው እንደ ስልክ እንጨት ቆሜያለሁ።

«አራት ሰዓት ሆኗል» አልኩት። «ሰባት ሰዓት ላይ ብሩ ግራ እጁን ዘርግቶ ይጠብቅሃል። ትመጣለህ ወይስ ለፎቶ ትቆማለህ?» እንደዚያ ማለቴ ከበደኝ፣ ግን አልኩት። ጊታሩን ተሸከመ። ኪዳኑ ሱቁን ቆልፎ አንድ ማጉያና ሁለቱን ሣጥኖች ባጃጅ ላይ ጫነ። «ማርያምን፣ ስነግድ አሥራ ስድስት ዓመቴ፣ ጩኸት ፍለጋ ስወጣ የመጀመሪያዬ ነው» እያለ እስክንደርስ ይስቃል።

በሩን የከፈተችው ሱሀይላ ናት። እጇ ዱቄት ነክቷል። እኔን ስማኝ፣ ኪዳኑን ሰላም ብላ፣ ጊታሩን አየችና ፊቷ ተዘጋ። አሚር «አሰላሙ አለይኩም» አለ ለበሩ። እሷም «ወአለይኩሙ ሰላም» አለች ለግድግዳው። ሰላምታ መመለስ ግዴታ ነውና መለሰች። «እማ፣ ይሄን ነገር ከቤቴ?» አለችኝ ቀስ ብላ። «በረንዳ ላይ ነው የኔ ልጅ። ዘፈንም አይደለም፤ አንድ ጣት፣ አንድ ክር። ወንድምሽ ከሥራው ሊወጣ ነው።» ከንፈሯን ነከሰች። ከዚያ ወጥ ቤት ገብታ ሽንኩርት መክተፍ ጀመረች። የወጥ ቤቷ መስኮት ደግሞ በረንዳው ላይ ነው የሚከፈተው፤ እኔ ያንን አስቤበት አይደለም ብላችሁ፣ አትመኑኝ።

ሙዓዊያን በይድልን ስለው ጆሮውን አላመነም። መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋና «እናቴ፣ ይሄ ሰፈር ሁሉ አቁም ነው የሚለኝ። እርስዎ በይድ ይሉኛል?» አለ። «በደንብ አድርገህ!» አልኩት። ወላሂ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት ሲበይድ አይቼው አላውቅም። ጥቁሩ ሣጥን ተሰካ። ሙዓዊያ ብረቱን ሲነካው ማጉያው «ዝዝዝ» ብሎ ያዘ፤ ያው የንብ ቀፎ። አሚር አልደነገጠም። ስምንቱን መቆጣጠሪያ አንድ በአንድ ወደታች ይስባል፣ ዝዝታው ይቀንሳል፣ ይስባል፣ ይቀንሳል። በመጨረሻ ጠፋ። «ይኸው!» አለ አሚር፣ ክሩን እየመታ። ኪዳኑም አጨበጨበ። እኔ እጄን ሆዴ ላይ አድርጌ ጠበቅኩ። ምንም አልመጣም። እንዴት ብዬ ደስታውን ላፍርስበት እያልኩ ሳስብ የሽንኩርቱ ቢላ ቆመ።

«ጩኸቱ ጠፍቷል» አለ ድምፅ ከመስኮቱ። «አንተም አብረህ ጠፍተሃል።»

ኪዳኑ ወደ እኔ፣ እኔ ወደ መሬት። ስድስት ወር ሙሉ ያልተነጋገሩት ሰዎች ከሰላምታ ያለፈ የመጀመሪያ ቃላቸው ይሄ ሆነ። አሚር አልዞረም፤ አንገቱ ብቻ ቀላ። «እና ምን ላድርግ?» አለ ለጊታሩ።

«እኔ ምን አውቃለሁ። ያንን ሌላውን ሞክረው።»

ግራጫው ተሰካ። ያ ሌባ ጩኸት ጭራሽ ከፊተኛው ባሰበት፤ የጎረቤት ውሻ መጮህ ጀመረ። አሚር በድል አድራጊነት ቀና ሊል ሲል ኪዳኑ ጎንበስ አለና ያቺን የሩዝ ፍሬ በጥፍሩ ነካት። «ይቺ የሣጥኑን የመሬት ሽቦና የማጉያውን የመሬት ሽቦ ታለያያቸዋለች። ሁለት መሬት ሲገናኝ ነው የሚጣላው» አለ። ቀጭ አለች። ጩኸቱ በር እንደተዘጋበት ሰው ቀጥ አለ። ሙዓዊያ ያንኑ ብረት ያንኑ እሳት እየተፋበት ነው፣ ማጉያው ግን ጸጥ። አሚር ወፍራሙን ክር አንዴ መታ። መጣ፤ ከእግሬ ጫማ ተነሥቶ ሆዴ ላይ ተቀመጠ፣ ልክ ድቤው በመዳፍ መሀል ሲመታ እንደሚመጣው። የወጥ ቤቱ መስኮት መስታወት ራሱ ተንዘረዘረ።

«እሱ ነው» አለች ሱሀይላ። አሁን ከመስኮቱ ራሷን አውጥታለች፣ ዓይኗ ከሽንኩርቱ ቀልቷል። «መካከለኛውን ትንሽ ጨምርበት። ጣትህ ከክሩ ሲነሣ ያለው አይሰማም።»

አሚር ዞረ። «አንቺ ይሄን ከየት አወቅሽው?»

«አሥር ዓመት ከግድግዳህ ወዲያ ማን የተኛ መሰለህ? እኔ ልተኛ ስል አይደል የምትጀምረው፣ ድርቅ ያልክ!» አለችውና መስኮቱን ዘጋችው። ግን አልቆለፈችውም። አሚር ሲስቅ ሰማሁት። ከዚያ ጎንበስ ብሎ መካከለኛውን ትንሽ ጨመረ።

ልጄ እንዲህ ቢሆንም ጥቁሩን ለመጨረሻ ጊዜ ሳያየው አልቀረም። «ብሩ ይሄን አሮጌ ሲያይ ይስቅብኛል» አለ። «ይሳቅ» አለው ኪዳኑ። «እኔ ጥቁሩን ብሸጥልህ ሰባት ሺ ይበልጥልኝ ነበር፤ አሁን ግን በእናትህ ፊት ዓይኔን አውጥቼ አልሸጥልህም።» ከአሥራ አምስት ሺውም አምስት መቶ ቀነሰልንና «እርስዎ ደግሞ ይመርቁኝ» ብሎ ራሱን ዝቅ አደረገልኝ። እዚያው በረንዳው ላይ ሁለት እጄን ዘርግቼ መረቅኩት፤ ሱቁ ይሙላ፣ ደንበኛው አይጉደል፣ የሸጠው አይበላሽ አልኩ። አሚን ያሉት እሱ፣ አሚርና ሙዓዊያ ናቸው፤ ከመስኮቱ ወዲያም አንድ ተጨማሪ ሰምቻለሁ። ስንወጣ ሱሀይላ በፌስታል የሞላ ትኩስ ሳምቡሳ አስያዘችኝ። «ላንቺ ነው እማ» አለችኝ ጮክ ብላ። አሥር ሳምቡሳ! እኔ እኮ በግራ በኩል ጥርስ የለኝም።

ደሴ የደረስነው ሰባት ሰዓት ሊሆን ሲል ነው። የዚያን ቀኑ ሠርግ የጎረቤታችን የአባይነሽ ልጅ ነበር፤ ለእኛ ለእስላሞቹ ለብቻ አሳርዳ ለብቻ አሠርታ ጠረጴዛችንን ከመድረኩ በቀኝ አድርጋዋለች፣ ቁጭ ብዬ ሁሉን ነገር አያለሁ። አሚር ሣጥኑን እግሩ ሥር አስቀመጠ። ጣሀ መጥቶ ሽቦውን ሲሰካ «ይሄን ከየትኛው ሙዚየም አመጣኸው?» አለው። ወደ ጠረጴዛው ሄደና የቤዙን መስመር ከፈተ፤ ዝዝዝ። እጁ ወዲያው ሊዘጋው ሄደ። ሳህኔን ገፋ አደረግኩ። «አንዴ!» አለው አሚር፣ ጎንበስ ብሎ ያቺን ነገር ነካት። ጣሀ ከጆሮው ማዳመጫውን አነሣ፣ መልሶ አደረገ፣ ሽቦውን ተከትሎ በዓይኑ ሄደ። «ነቀልከው እንዴ?» አለ። አሚር አንድ ክር መታ። ጣሀ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። መቀመጡን አይቼ እኔም ሳህኔን ሳብኩ።

ብሩ ግን ቶሎ የሚያምን ሰው አይደለም። የመጀመሪያውን ዘፈን በግራ እጁ ቤዙን እየሞላ ነው የጀመረው። ሁለት ሰው አንድ ጆንያ ግራና ቀኝ ሲጎትት እንደሚሆነው ሆነ። አሚር አልተጣደፈም፣ ድምፁንም አልጨመረም፤ እዚያው ቦታው ላይ ረግጦ ቆመ። በሁለተኛው ዘፈን መሀል ብሩ ግራ እጁን አነሣና ግንባሩን ጠረገ። ዘፈኑ አልጎደለም። ኮሌታውን አስተካከለ። አሁንም አልጎደለም። ከዚያ ዘወር ብሎ አሚርን አየው፣ የለስላሳ ጠርሙሱን አንሥቶ ጠጣ። ከዚያ በኋላ ያቺ ግራ እጅ ሥራ ፈት ሆነች። አባይነሽና እህቶቿ ትከሻቸውን እየሰበቁ ወደ መሀል ገቡ፤ ከግድግዳው ተደግፈው የነበሩ ሽማግሌዎች ተነሡ። እኔ አልጨፈርኩም። እግሬ ግን ከጠረጴዛው ሥር ብቻዋን የሠራችውን አላውቅም፣ አላህ ይማረኝ። ዕረፍት ሲሆን ብሩ ሳምቡሳውን አንዱን ከአሚር እጅ ነጥቆ እየበላ «ቅዳሜ ሐይቅ ከተማ ሥራ አለን» ሲለው ሰማሁ። «በጠዋት ድረስ። ይሄን አስቀያሚ ሣጥን ደግሞ እንዳትረሳው።»

ሁለተኛው ዙር ሲጀምር ስልኬ ጠራ። ሱሀይላ ናት። «እማ፣ ገባችሁ?» አለችኝ። ገባን አልኳት። «ሳምቡሳው አልቀዘቀዘም?» አልቀዘቀዘም አልኳት። ልጄን አውቃታለሁ፤ ለሳምቡሳ አትደውልም። ቀስ ብዬ ተነሣሁና በጎን በር ወጥቼ፣ ዘፋኙ ከማይሰማበት ከወፍራሙ ግድግዳ ጥግ ቆሜ፣ ስልኩን ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት። ቃሉ አያልፍም፣ ዜማውም አያልፍም፤ የአሚር ብቻ ነው በድንጋዩ ውስጥ የሚያልፈው። ዱም፣ ዱም፣ ዱም። ክንዴ ደከመኝ፣ ቀየርኩ። ያቺ ልጅ አንድ ቃል አልተናገረችም፣ ስልኩንም አልዘጋችውም። ሒሳቧ አልቆ እስኪቋረጥ ድረስ ሰማች።

እንግዲህ አንድ ነገር ለምኛችሁ ላብቃ። ኮምቦልቻ ስትወርዱ በር ማስበየድ ፈልጋችሁ ሱሀይላን ካገኛችኋት፣ ይሄን የነገረችን እናትሽ ዘሀራ ናት እንዳትሏት። አደራ።